የመርዕድ አዝማችን ማዕረግና የሸዋን ቤት ታሪክ አጣርቶ ለመጻፍ የሚረዳ መመሪያ

መርዕድ አዝማች ተብሎ የሚጠራ ሰው ዛሬ የለም። ማዕረጉ ከመንዝ ተነሥቶ ይፋትንና ቡልጋን እየያዘ የሄደው የሸዋ ቤት ገዢዎች መጠሪያ ነበር። በመሀል ተጥሎ ቆየ፤ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በሹመት ተመለሰ፤ በ1923 ደግሞ ለአልጋ ወራሹ ተሰጠ። ስለዚህ ቤት በቤተሰብም በአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎችም ብዙ ይጻፋል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው፦ ማዕረጉ የሄደበትንና ደሙ የሄደበትን አንድ መስመር አድርጎ ይቆጥራል። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አብረው ሄደዋል፣ ከዚያ ተለያይተዋል፣ በመጨረሻም በሌላ በር ተገናኝተዋል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ሥራ ለመሥራት የሚከተለው መንገድ ይበጃል። ያለ ምልክት የተጻፈ ዓመት ሁሉ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።

ሁለት መዝገብ ክፈቱ

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ይኑሯችሁ፤ በወረቀትም በኮምፒዩተር ሰንጠረዥም ይሆናል።

የመጀመሪያው የማዕረጉ መዝገብ ነው። ስድስት ዓምድ ይበቃዋል፦ ማን ያዘው፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ከማን አገኘው (ከአባቱ ወረሰ ወይስ ተሾመ)፣ መቀመጫው የት ነበር፣ ይህን የሚለው ጽሑፍ የትኛው ነው፣ ጽሑፉስ መቼ ተጻፈ። የመጨረሻውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሥራውን ጸንቶ እንዲቆም የሚያደርገው ግን እሱ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፈ የነገሥታት ዝርዝር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረን ሰው “መርዕድ አዝማች” ቢለው፣ ያ ሰው በራሱ ዘመን በዚህ ስም መጠራቱን አያረጋግጥም። በዘመኑ የተጻፈ ነገር እስኪገኝ ዓምዱን ባዶ ተዉት። ባዶ ዓምድ አያሳፍርም፤ በግምት የተሞላው ግን በሚቀጥለው ጸሐፊ እጅ እውነት ሆኖ ያርፋል።

ሁለተኛው የቤተሰቡ መዝገብ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ አባት፣ እናት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ የተቀበረበት ቦታ ይጻፉበት። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ፤ የቤቱ መነሻ አባት ነጋሲ 1፣ ልጁ 1.1፣ የልጅ ልጁ 1.1.1 እያላችሁ ውረዱ። ሴት ልጆችም እንደ ወንዶቹ ቁጥር ያግኙ። “እናት” የሚለውን ቦታ ያለ ብርቱ ምክንያት ባዶ አትተዉ፤ በዚህ ቤት ታሪክ ሁለቱ ዋና መገናኛዎች በሴት በኩል ናቸውና። ነጋሲ ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከያዕቆብ ጋር የሚገናኘው፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ በሴት በኩል ነው። የመጨረሻው መርዕድ አዝማች ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የሚገናኘውም በሴት ነው፦ ሣህለ ሥላሴ፣ ልጃቸው ተናኘወርቅ፣ ልጇ ራስ መኰንን፣ ልጃቸው ተፈሪ (አፄ ኃይለ ሥላሴ)፣ ልጃቸው አስፋ ወሰን። የአባት መስመር ብቻ የሚከተል ሰው ይህን ሐረግ ጨርሶ አያገኘውም።

አጽሙን በእርሳስ አስቀምጡ

ምንጭ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ዋናውን ተራ በእርሳስ ጻፉ። እርሳስ የምንለው እየታረመ ስለሚሄድ ነው፤ ከሣህለ ሥላሴ በፊት ያሉት ዓመታት ሁሉ “ገደማ” የሚል ቃል ይከተላቸው።

ተራው በአጋንቻ፣ መንዝ፣ በተነሣው በነጋሲ ክርስቶስ ይጀምራል። ነጋሲ በታላቁ ኢያሱ ዘመን ሹመቱን ለማስጸደቅ ወደ ጎንደር ወጥቶ እዚያው በፈንጣጣ እንደሞተ ይነገራል፤ ጊዜው 1695 ገደማ ነው። ልጁ ስብስቴ (ስብስጥያኖስ) ተከተለ፤ ከሱ ቀጥሎ መቀመጫውን ሐራምባ ያደረገው አብዬ መጣ። አምኃ ኢየሱስ ከ1737 ገደማ እስከ 1767 ገደማ ገዝቶ አንኮበርን መቀመጫ አደረገ። አስፋ ወሰን እስከ 1800 ገደማ ቆየ። ልጁ ወሰን ሰገድ “ራስ” መባልን መረጠ፤ በ1805 ገደማ ተገደለ። ሣህለ ሥላሴ እስከ 1840 ገዛ፤ በግዛቱ ዘመንም “ንጉሥ” ተባለ። ልጁ ኃይለ መለኮት በንጉሥነት ተተካ፤ ቴዎድሮስ ሸዋን በወረሩበት በ1848 አረፈ።

እዚህ ላይ እርሳሳችሁን አቁሙና ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጡ። የደሙ መስመር ከኃይለ መለኮት ወደ ሕፃኑ ሣህለ ማርያም፣ በኋላ ምኒልክ ወደተባለው፣ ይሄዳል። የማዕረጉ መስመር ግን ወደ ሌላ ሰው ዞረ፦ ቴዎድሮስ የኃይለ መለኮትን ወንድም ኃይለ ሚካኤልን መርዕድ አዝማች ብለው ሸዋ ላይ ሾሙት፤ ሕፃኑን ሣህለ ማርያምን ይዘውት ሄዱ። ከኃይለ ሚካኤል በኋላ የተሾመው በዛብህ ዐመፀና ራሱን ንጉሥ አለ፤ ምኒልክም በ1857 ከመቅደላ አምልጦ መጥቶ አገሩን ያዘ። ምኒልክ በንጉሥነት እንጂ በመርዕድ አዝማችነት አልተቀመጠም። ስለዚህ “የሸዋ ገዢ ሁሉ መርዕድ አዝማች ነበር” ማለትም፣ “ማዕረጉ ከነጋሲ እስከ ምኒልክ ሳይቋረጥ ወረደ” ማለትም ትክክል አይደለም።

ስም የሚያሳስትበት

የዚህ ቤት ስሞች ይደጋገማሉ፤ መደጋገሙም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ስም አወጡ፦ አስፋ ወሰን፣ ተናኘወርቅ፣ ሣህለ ሥላሴ። በዚህ የተነሣ አንድ ሰነድ “አስፋ ወሰን” ቢል በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አንኮበር የነበረውም ሊሆን ይችላል፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ወሎን የገዙት አልጋ ወራሽም። ሁለቱም መርዕድ አዝማች ናቸው! “ተናኘወርቅ” የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅም ናት፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅም ናቸው። ስለዚህ ብቻውን የቆመ ስም ከማስታወሻችሁ ውስጥ አይኑር፤ ሁልጊዜ ከአባት ስምና ከሰውዬው ቁጥር ጋር ጻፉት።

ሌላው ችግር አንድ ሰው ብዙ ስም መያዙ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጸለይለትና ለተዝካሩ የሚጻፈው በክርስትና ስሙ ነው፤ ዘፋኝና ወታደር የሚጠራው በፈረስ ስሙ፣ ዐዋጅ የሚወጣው በመንግሥት ስሙ። ምኒልክ በልጅነት ሣህለ ማርያም፣ በፈረስ ስም አባ ዳኘው ነው። ተፈሪ የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ሲሆን በኋላ የመንግሥት ስማቸው ሆነ፤ የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነው። “ይህ ሰው የት ጠፋ?” ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት በሌላ ስሙ ፈልጉት።

በዝርዝር መዝገብና በኮምፒዩተር ስትፈልጉ ደግሞ የፊደል ልዩነት ይጥላችኋል። መርዕድ፣ መርድ፣ መርአድ እያላችሁ በየተራ አስገቡ፤ ሣህለ፣ ሳህለ፣ ሣሕለ፣ ሳሕለ እንዲሁ። የላቲን ፊደል ያላቸው ካታሎጎች ማዕረጉን አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ቃል አድርገው ይጽፉታል፤ ሁለቱንም ሞክሩ።

ዘመኑን ማረጋገጥ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ከስሕተቱ ሁሉ በቀላሉ የሚታረመው የዘመን ስሕተት ነው።

በብራና ላይ የሚገኙ ማስታወሻዎች ብዙ ጊዜ ዓመቱን በቁጥር አይጽፉም። “በዘመነ ማርቆስ፣ በኅዳር ሚካኤል፣ በዕለተ ሐሙስ” ይሉና ያልፋሉ። ለዚህ የባሕረ ሐሳብ ስሌት በቂ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱን ለ4 አካፍሉ፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። የድርሻው ሙሉ ቁጥር መጠነ ራብዒት ነው። ዓመተ ዓለሙንና መጠነ ራብዒቱን ደምራችሁ ለ7 ስታካፍሉ ቀሪው መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራችኋል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፣ 0 ሰኞ። ከዚያ ወደምትፈልጉት ቀን ለመድረስ ያለፉትን ወራት በ30 አባዙ፣ ከቀኑ ቁጥር 1 ቀንሳችሁ ደምሩ፣ ድምሩን ለ7 አካፍላችሁ በቀሪው ልክ ከመስከረም 1 ዕለት ወደፊት ቁጠሩ።

በምታውቁት ቀን ተለማመዱ። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1847 ያለ ቀሪ ነው፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ። 7388 ሲደመር 1847፣ 9235፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2፤ መስከረም 1 ረቡዕ ነበር። እስከ የካቲት 23 አምስት ወር አልፏል፦ 150 ሲደመር 22፣ 172፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 4። ከረቡዕ አራት ቀን ስትቆጥሩ እሑድ ላይ ታርፋላችሁ። ጦርነቱ በእርግጥ የተደረገው እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው።

አሁን ከላይ ያለውን የምሳሌ ማስታወሻ ሣህለ ሥላሴ በገዙበት ጊዜ ላይ እንፈትነው። ኅዳር ሚካኤል ኅዳር 12 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከዚያ 71 ቀን አለ፤ ቀሪው 1። ሐሙስ እንዲውል መስከረም 1 ረቡዕ መዋል አለበት። ከ1805 እስከ 1840 ያሉትን የማርቆስ ዓመታት ሁሉ (1806፣ 1810፣ 1814 እያላችሁ በአራት በአራት) ስታሰሉ ረቡዕ የሚጀምሩት 1810 እና 1838 ብቻ ናቸው። ወንጌላዊውና ዕለቱ ተጣምረው በየ28 ዓመቱ አንዴ ይገናኛሉ፤ በዚህ ምክንያት ከ28 ዓመት በታች ለገዛ ሰው ቢበዛ አንድ ዓመት ይወጣል፣ ከዚያ በላይ ለገዛ ሁለት ሊወጣ ይችላል። ከሁለቱ ለመምረጥ በማስታወሻው ውስጥ ሌላ ስም ፈልጉ። ጳጳሱ ከተጠቀሱ ነገሩ አለቀ፦ አባ ሰላማ አገር የገቡት በ1834 ስለሆነ ስማቸው ካለ 1810 ይወድቃል፣ 1838 ይጸናል። ጳጳስ ካልተጠቀሰ ገዢው የተጠራበትን ማዕረግና ጎንደር ላይ ነበር የተባለውን ንጉሠ ነገሥት ተመልከቱ።

ወደ ፈረንጅ ዘመን ስትመልሱ የአንድ ቀን ስሕተት በቀላሉ ይገባል። ዛሬ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ መዋሉን የለመደ ሰው በዚያው ልክ ወደኋላ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዘመን ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 10 ነበር፣ በ18ኛው 9፣ በ17ኛው 8። ከዘመነ ሉቃስ በኋላ፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች፣ በሁሉም ላይ አንድ ቀን ይጨመራል። ምሳሌ፦ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዞች ጋር የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841 ነው። በዛሬው ልማድ ስትቆጥሩ ኅዳር 7 ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን ኅዳር 8 ቀን 1834 ነው። አንድ ቀን ቢቀር ምን ይጎዳል የሚል ካለ፣ የዕለት ስሌቱ በሙሉ አልገጥም ሲለው ይገባዋል። በየማስታወሻችሁ ላይ ምንጩ የጻፈውን ቀን እንዳለ አስቀምጡ፤ የቀየራችሁትን ከጎኑ በቅንፍ ጨምሩ። ዋናውን አጥፍቶ የተቀየረውን ብቻ መተው ኋላ የሚመጣ ሰው ስሕተቱን እንዳያርም ያደርጋል።

ብራናው ፊት ስትቀርቡ

የሸዋ አድባራት ብራናዎች ላይ በኅዳግና በባዶ ገጾች የተጻፉ የመሬት ስጦታዎች፣ የውርስ ክርክሮች፣ የመጻሕፍት ልገሳዎች አሉ። ለዚህ ቤት ታሪክ ከዜና መዋዕል ይልቅ እነዚህ ይታመናሉ፤ ማንንም ለማስደሰት ሳይሆን ርስትን ወይም ንብረትን ለማስከበር የተጻፉ ናቸውና።

ለብዙ ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ከቤት ሳይወጡ የሚደረግ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች፣ ብዙዎቹም ከሸዋ፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ። ከነዚህ ውስጥ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል፤ በውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ጀምሩ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርን እዩ። ቦታው ድረስ የምትሄዱት የትኛውን ደብር፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ በኋላ ይሁን።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በክረምት ጭጋጉና ጭቃው ሥራ አያሠራም፤ ከጥቅምት በኋላ ሂዱ። ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከወረዳ ቤተ ክህነቱ ደብዳቤ ሳትይዙ አትሂዱ። ደብሩ ስትደርሱ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን፣ ከዚያ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁትን አነጋግሩ፤ ቄሰ ገበዙ ሳይፈቅዱ የሚነካ ነገር የለም። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ ስለሚዘልቅ ጠዋት ድረሱ፤ በፍስክ ቀን ከቅዳሴ በኋላ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ጥቂት ነው፦ እርሳስ (እስክርቢቶ ወደ ብራና አይጠጋም)፣ አጭር ማስመሪያ፣ ነጭ ወረቀት፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ፍላሹ የጠፋ ስልክ። ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ሦስት ፎቶ አንሡ፦ መጽሐፉን የሚያሳውቀውን የመጀመሪያ ገጽ፣ ማስታወሻው ያለበትን ቅጠል በሙሉ፣ ከዚያ ማስታወሻውን ብቻ ከማስመሪያው ጋር። ወዲያው የደብሩን ስም፣ የመጽሐፉን ስም፣ የቅጠሉን ቁጥር ከመጀመሪያው ቆጥራችሁ፣ ፊቱ ይሁን ጀርባው ጻፉ። “ማታ እጽፈዋለሁ” ያለ ሰው ማታ አርባ ፎቶ ይዞ የትኛው ከየትኛው ዳዊት እንደሆነ አያውቅም።

ስሙ የተፋቀ ቦታ ስታገኙ ደስ ይበላችሁ። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ባለቤት ስም በቢላ ተፍቆ የአዲሱ ስም ይጻፍበታል፤ ይህ በብራና ላይ የተለመደ ነው። ብራናውን በጣት ስትዳስሱት ያ ቦታ ሻከር ይላል፤ የአዲሱ ስም ቀለምም በዙሪያው ካለው ይልቅ ይፈዝዛል ወይም ይፈስሳል። ባትሪውን ከላይ አታብሩ፤ ከጎን፣ ከገጹ ጋር ሊተኛ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። የድሮው ብዕር የጫነበት ጉድጓድ ጥላ ይሠራል፤ ሁለት ሦስት ፊደል ይነበባል። ለቤተሰብ ታሪክ ሁለት ፊደል ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ወይም ምራቅ ማስነካት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለአንድ ጊዜ ንባብ ሲባል ቀለሙ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ማስታወሻው “ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ” (የሰረቀውና የፋቀው) ብሎ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ሲያወግዝ ያ ክፍል የተለመደ መዝጊያ ነው፤ ዘመንና ስም ከሱ በላይ ፈልጉ። ቁጥር ስታነቡ ፮ እና ፯ን ሁለት ጊዜ እዩ፤ በደከመ ቀለም አንዱ ሌላውን ይመስላል፤ ከላይ ባለው ስሌትም ይፈተናሉ።

ከአዛውንት ጋር

መንዝ ርስት በትውልድ ቆጠራ የሚገኝበት አገር ስለነበር፣ አቅኚ አባት ድረስ መቁጠር የሚችሉ አዛውንት ዛሬም አሉ። በጌራ ምድር፣ በማማ ምድርና በላሎ ምድር የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ያ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

“የነጋሲ ዘር ነዎት?” ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱን አብራችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። “አባትዎ ማን ይባላሉ? የሳቸውስ አባት? እናትዎስ የማን ልጅ ናቸው?” እያላችሁ ከታች ወደ ላይ ውጡ። ሲደክማቸው አቁሙ። አንዱን ሐረግ ከሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች፣ ሁለቱ ሳይሰማሙ፣ ለየብቻ ጠይቁ። እማወራዎችን በተለይ አትዝለሉ፤ ጋብቻን የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ከቅድመ አያት በላይ ያሉት መጠሪያዎች ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ “ምንጅላት” ሲባል በቃሉ ብቻ አትመኑ፤ ስንተኛ ትውልድ እንደሆነ በቁጥር ጻፉ።

የተሰጣችሁን ሐረግ በዓመት ፈትኑት። ልብነ ድንግል ያረፉት በ1533 ነው፤ ነጋሲ በ1695 ገደማ። መሀሉ 162 ዓመት ነው። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ብትሉት ከአምስት እስከ ሰባት ትውልድ ሊገባበት ይገባል። ሐረጉ ሦስት ስም ብቻ ካለው ሰው ተዘሏል፤ አሥር ካለው ወንድማማቾች እንደ አባትና ልጅ ተቆጥረዋል። ሐረጉን ራሳችሁ አታርሙት፤ እንዳለ ጻፉና የቁጥሩን ችግር ከሥሩ አስቀምጡ።

ከሐረግ የጠፉ ወንድሞችም አሉ። የሸዋ ገዢዎች አልጋውን ሊሻሙ የሚችሉ ወንድ ዘመዶቻቸውን በአንኮበር አካባቢ በጎንቾ ያስሩ ነበር፤ የሣህለ ሥላሴ ወንድሞች የተፈቱት የእንግሊዙ የሃሪስ የልዑካን ቡድን ሸዋ በነበረበት ጊዜ ነው። እስር ላይ የኖረ ሰው ርስት አልያዘም፣ ጦር አልመራም፤ ስለዚህ ስሙ በስጦታ ማስታወሻ ላይ አይገኝም። አለመገኘቱ አለመወለዱን አያሳይም።

የመንገደኞችን ጽሑፍ በልኩ

ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ሃሪስ ከ1841 እስከ 1843 ሸዋ ነበሩ። ስላዩት ነገር፣ ስለ ግቢው ሥርዓት፣ ስለ እቴጌ በዛብሽና ስለ ንጉሡ እናት ስለ ዘነበወርቅ የጻፉት ይጠቅማል። ስለ አምኃ ኢየሱስ ወይም ስለ አብዬ የጻፉት ግን ከሞቱ በኋላ በግቢው ውስጥ የተነገራቸው ነው፤ ያን ጊዜ ቤቱ “ንጉሥ” መባሉን ለማጽናት የሰሎሞን ዘርነቱን አጥብቆ ያስነግር ነበር። በማዕረጉ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለውን “የተሰማ” በሉት፣ “የታየ” ከሚለው ለዩት።

ማዕረጉ የቆመበትን ጊዜ መጻፍ

የመጨረሻው ባለ ማዕረግ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው፤ በ1923 አልጋ ወራሽ ሲባሉ የተሰጣቸው ነው። ይህ ሹመት ከአሮጌው የተለየ መሆኑ በመዝገቡ “ከማን አገኘው” በሚለው ዓምድ መታየት አለበት፦ ከአባቱ በሸዋ ገዢነት የወረሰ ሳይሆን፣ ከንጉሠ ነገሥቱ በዙፋን ወራሽነት የተሰጠው። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ሌላ።

“መቼ ጠፋ?” ለሚለው ሦስት ቀን ይቀርባል። መጋቢት 12 ቀን 1967 ደርግ ዘውዱን ሻረ። እ.ኤ.አ. በ1989 አልጋ ወራሹ በስደት ሳሉ አምኃ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት መባላቸው ሲታወጅ የወራሽነት ማዕረጋቸውን በተግባር ተዉት። ጥር 9 ቀን 1989 በአሜሪካ ቨርጂኒያ አረፉ። (ሁለቱ “1989” የተለያዩ ዓመታት ናቸው፤ አንዱ የፈረንጅ ነው። እዚህ ላይ ምልክቱን የረሳ ጸሐፊ ሰባት ስምንት ዓመት ያዛባል።) እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ ማዕረግ የሚሰጥ መንግሥት ከሌለ ሹመቱ የሚቆምበት ሕጋዊ መሠረት ያ ነው። ሁለቱን ሌሎች ቀኖች ግን በዚያው መስመር ላይ ጻፉ፤ የምትመርጡበትንም ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ።

የጨረሳችሁትን ሥራ ከማሳተማችሁ በፊት ከረቂቁ ቅጂ አንዱን ብራናውን ላሳያችሁ ደብር፣ አንዱን ሐረጉን ለነገሯችሁ አዛውንት ስጡ፤ በሕይወት ያሉ ዘመዶችን ስም ያለ ፈቃዳቸው አትጻፉ። አዛውንቱ የሚያርሙት ነገር ካለ እርማቱን ቀን ጽፋችሁ በሰውዬው ገጽ ላይ ጨምሩ፣ የቀድሞውን አትሰርዙ።